ረኃብ ወይስ ጥጋብ? የባሕር ዓሣን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ መመገብ

ማብላትና ማጉረስ በአገራችን የፍቅር መግለጫ ነው። ይህ መልካም ልማድ ወደ አኳሪየም፣ ማለትም ለዓሣ ማኖሪያ ወደተሠራው የመስተዋት ገንዳ፣ ሲዛወር ግን ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆንጠር አድርገው ይበትናሉ፤ እናት ዓሦቹ ወደ መስተዋቱ ሲሽቀዳደሙ አይታ ‹‹ርቧቸዋል›› በማለት ትጨምራለች፤ እንግዳ ሲመጣም ትርኢቱን ለማሳየት ሌላ ቁንጥር ይደገማል። በማግስቱ ውሃው ይደፈርሳል፤ ትንሽ ቆይቶም ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በሽታ ገብቷል ብሎ ይጠረጥራል እንጂ የምግቡን ቆርቆሮ አይጠረጥርም።

እንደሚታወቀው አኳሪየም ዝግ ዓለም ነው። በባሕር ውስጥ ያልተበላ ምግብ በማዕበል ተወስዶ ለሌላ ፍጡር ቀለብ ይሆናል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይበሰብሳል። በዚህ ጽሑፍ የጨዋማ ውሃ ዓሣዎች ምን ያህልና በቀን ስንት ጊዜ መመገብ እንዳለባቸው እንመለከታለን። ከዚህም ጋር ይህ ጥያቄ በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለው መልስ ይልቅ በአዲስ አበባ ጠበቅ ያለ መልስ የሚሻበትን ምክንያት በቁጥር አስደግፈን ለማሳየት እንሞክራለን።

የባሕር ዓሣን ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በከተማችን ቤቶችና ሆቴሎች በብዛት የሚታየው ጎልድፊሽ በመባል የሚታወቀው ወርቃማ ዓሣና እንደ እርሱ በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩት ዝርያዎች ናቸው። የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ወጪውም ድካሙም ስለሚበዛ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። የሁለቱ አመጋገብ በመሠረቱ ተመሳሳይ ቢሆንም የባሕሩ ዓሣ ስሕተትን የመቻል አቅሙ ያነሰ ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ጨው ራሱ ነው። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን መጠን ጨው ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ሊትር ጨው አልባ ውሃ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለው የባሕር ውሃ ግን የሚይዘው 6.7 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ሁለተኛው የውሃው ፒኤች ነው። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ስለሆነ አልካላይነት ይታይበታል። ከዓሣ ሰውነትና ከብስባሽ ምግብ የሚወጣው አሞንያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ እምብዛም ጉዳት የሌለው አሞንየም ሲሆን ሌላው መርዛማው አሞንያ ነው። ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው ከ1 በመቶ በታች ነው። በባሕር ውሃ ፒኤችና በ25 ዲግሪ ሙቀት ግን ወደ 7 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ተራፊ ምግብ በባሕር ውሃ ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ መርዛማ አሞንያ ይሰጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የባሕር ዓሣ ውሃ የሚጠጣ መሆኑ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጨዋማነት ከባሕሩ ጨዋማነት አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ በኦስሞሲስ ምክንያት ውሃ ከሰውነቱ ያለማቋረጥ ይወጣል። ይህን ለመተካት ዓሣው የባሕር ውሃ ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው ደግሞ በተለይ በስንጥቡ በኩል ያስወግዳል። በመሆኑም በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ሁሉ በስንጥቡ ብቻ ሳይሆን በአንጀቱም በኩል ያገኘዋል።

ከፍታውና ኦክሲጅኑ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ለስሌታችን እንዲመች በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ 100 ሊትር የባሕር ውሃ የያዘ አኳሪየም አለ እንበል። በውስጡም እያንዳንዳቸው 8 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ዓሦች ይኖራሉ። የውሃው ሙቀት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ 25 ዲግሪ ላይ ተጠብቋል፤ የአየር ፓምፕና ማጣሪያም ተገጥሞለታል። የቦታውን ከፍታ በአኃዝ ለማስላት እንዲቀል 2,400 ሜትር እንውሰድ።

በዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚያሟሟው ጋዝ ከበላዩ ካለው የጋዝ ግፊት ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን በሔንሪ ሕግ ተምረናል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው የኦክሲጅን መጠን በሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ፓምፕ መጨመር ውሃው ይህን ጣሪያ ቶሎ እንዲደርስ ይረዳዋል እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርግለትም።

ለሞቃት ባሕር ዓሦች በብዙ መመሪያዎች የሚመከረው የኦክሲጅን መጠን በሊትር 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከ6.7 ተነሥቶ ወደ 5 እስኪወርድ ድረስ መጠባበቂያ አለው። የ18 ማዞሪያው አኳሪየም ግን የሚጀምረው ከወለሉ ነው። ዓሦቹ በዚህ መጠን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ለስሕተት የተቀመጠ ትርፍ የላቸውም። በጠቅላላው በ100 ሊትሩ ውሃ ውስጥ ያለው የተሟሟ ኦክሲጅን 500 ሚሊግራም ወይም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢያን በአእምሯቸው እንዲይዙልን እንጠይቃለን።

የአንድ ግራም ምግብ ጉዞ

በገበያ የሚገኘው ደረቅ የባሕር ዓሣ ምግብ ከክብደቱ 45 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው ብለን እንነሣ። ከዚህ ምግብ አንድ ግራም ሳይበላ ቀርቶ ከድንጋዮቹ ሥር ቢወሸቅ ምን ይሆናል?

ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ በአንዱ ግራም ምግብ ውስጥ 72 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ባክቴሪያዎች ፕሮቲኑን ሲያፈርሱት ናይትሮጅኑ አሞንያ ይሆናል። ሁሉም ቢለቀቅ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ በሊትር 0.72 ሚሊግራም ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 7 በመቶው መርዛማው መልክ ስለሆነ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ገደማ መርዛማ አሞንያ ይኖራል ማለት ነው። ይህ መጠን በተለምዶ የአደጋ ደፍ ተብሎ ከሚጠቀሰው ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊግራም የላይኛው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ነው። አንድ ግራም ብቻውን ይህን ያደርጋል።

በበሰለ አኳሪየም ውስጥ፣ ማለትም ከተቋቋመ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ባለፈው ገንዳ ውስጥ፣ አሞንያው በዚህ መልኩ አይከማችም። በማጣሪያውና በድንጋዮቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ሆኖም ይህ አገልግሎት በነጻ የሚሰጥ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ 1 ግራም ናይትሮጅንን ከአሞንያ ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ለ72 ሚሊግራሙ ናይትሮጅን 330 ሚሊግራም ኦክሲጅን ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የምግቡን ካርቦን የሚያቃጥሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ከ1 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ኦክሲጅን ይሻሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 1.4 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም በመላው ገንዳ ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለመረዳት ከዓሦቹ ጋር እናወዳድረው። 8 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ዓሣ 10 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሦስቱ በአንድነት 30 ግራም ይሆናሉ። ይህን ያህል ክብደት ያላቸው የሞቃት ባሕር ዓሦች ሲያርፉ በሰዓት 10 ሚሊግራም ገደማ፣ በቀን ደግሞ 240 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ይጠቀማሉ። በመሆኑም አንድ ግራም ተራፊ ምግብ በስብሶ እስኪያልቅ ድረስ የሚፈጀው ኦክሲጅን ሦስቱ ዓሦች በስድስት ቀናት ገደማ ከሚተነፍሱት ጋር እኩል ነው። መበስበሱ ቀናት የሚወስድ ስለሆነና ከውሃው ገጽና ከፓምፑ አረፋ አዲስ ኦክሲጅን ስለሚገባ ዓሦቹ ወዲያው አይታፈኑም። ነገር ግን ያልተበላ ምግብ ማለት በገንዳው ውስጥ የማይታዩ፣ ግን የሚተነፍሱ ሌሎች ዓሦችን እንደመጨመር የሚቆጠር ነው። ከልክ በላይ ማብላት አደገኛ የሚሆነው ዓሣው ሆዱ ስለሚፈነዳ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህል?

እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? ዕድገታቸውን ለጨረሱ ዓሦች በቀን ከሰውነታቸው ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ደረቅ ምግብ በቂ ነው። በማደግ ላይ ያሉት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ዓሣን ከውሃ አውጥቶ መመዘን ስለሚያስጨንቀው ክብደቱን ከርዝመቱ መገመት ይቻላል። የተለመደ የዓሣ ቅርጽ ላላቸው ዝርያዎች ርዝመቱን በሴንቲሜትር ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተን ለ50 ብናካፍለው ግምታዊውን ክብደት በግራም እናገኛለን። ለምሳሌ 8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 512 ይሆናል፤ ይህም ለ50 ሲካፈል 10 ግራም ይመጣል። እንደ እባብ ለረዘሙ ወይም እጅግ ለጠፈጠፉ ዝርያዎች ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

በ18 ማዞሪያው ምሳሌያችን 30 ግራም ለሚመዝኑት ሦስት ዓሦች 2 በመቶውን ብንወስድ በቀን 0.6 ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ አስደንጋጭ ነገር እንገነዘባለን። በልኩና ቀደም ሲል ባሰላነው የአንድ ግራም ብክነት መካከል ያለው ርቀት በእጅ ቁንጥር ሊለይ የማይችል ነው። ስለዚህ ቆንጥሮ መበተኑን ትቶ መመዘን ይሻላል። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም በወርቅ ቤት ሚዛን አንድ ግራም ምግብ አስመዝኖ፣ በነጭ ወረቀት ላይ በ10 እኩል ክምር መክፈል ይቻላል። ያን ጊዜ 0.1 ግራም በዓይን ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ይታወቃል፤ በዚያው ልክ ትንሽ መስፈሪያ መምረጥም ቀላል ይሆናል።

ይህ ስሌት ለደረቅ ምግብ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በበረዶ የተቀመጡ ትንንሽ ሽሪምፖችና መሰል ምግቦች ከ80 እስከ 90 በመቶ ውሃ ስለሆኑ፣ አንድ ግራም ደረቅ ምግብን ለመተካት ከነውሃቸው አምስት ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ዳቦና እንጀራ ፈርፍሮ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሥጋ በል የሆኑት የባሕር ዓሦች ስታርችን በደንብ አይፈጩትም፤ ፍርፋሪውም ውሃውን ቶሎ ያደፈርሰዋል።

‹‹በአምስት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ስጡ›› የሚል የተለመደ ምክር አለ። ይህ ምክር ሙሉ አይደለም። ስግብግብ ዓሣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ሊውጥ ይችላል፤ ዓይን አፋሩ ደግሞ ሳይደርሰው ይቀራል። ልኩን የሚወስነው ክብደቱ ነው። ሰዓቱ የሚያገለግለው ለቁጥጥር ነው፤ የተሰጠው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ፣ የተረፈውን በቱቦ ስቦ ማውጣትና በቀጣዩ ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል።

ዓሦቹ ሰው ባዩ ቁጥር ወደ መስተዋቱ መሮጣቸውስ? ይህ በአብዛኛው የመማር ውጤት ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ምግብን ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ራሱን ችሎ ምላሽ እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ዓሦችም የሰውን ጥላ ከምግብ ጋር ያያይዙታል። እውነተኛው የረኃብ ምልክት ከሰውነታቸው የሚነበብ ነው። ከጭንቅላቱ ጀርባ የጀርባው ጡንቻ ሲሰረጉድና ሆዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ምግቡ አንሷል ወይም ዓይነቱ አልተስማማም ማለት ነው።

ስንት ጊዜ?

ይህን የሚወስነው የዓሣው አንጀትና የተፈጥሮ ኑሮው ነው። በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል የሚኖሩትን ብንመለከት ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ሰርጂንፊሽ የሚባሉት ከድንጋይ ላይ አልጌ ሲግጡ የሚውሉ ናቸው። የሚበሉት ነገር ጉልበት ሰጪነቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይለቅማሉ። ለእነዚህ የደረቀ የባሕር አልጌ በመቆንጠጫ ተይዞ ለሰዓታት ቢቀመጥላቸው ይስማማቸዋል። በፈላ ውሃ የተነከረ ሰላጣ ለጊዜው ቢረዳም የባሕር አልጌን አይተካም።

ክላውንፊሽና መሰሎቹ ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን ለቅመው የሚኖሩ ስለሆኑ የቀኑ ድርሻቸው ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ ይሰጣቸዋል። በምሳሌያችን 0.6 ግራሙ በ0.3 ግራም ሁለት ጊዜ ይሆናል። ላየንፊሽና እንደ እርሱ አድፍጠው ትልልቅ ምርኮ የሚውጡት ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመገብ ይበቃቸዋል። የባሕር ፈረስ በተቃራኒው ጨጓራ የሌለው ዓሣ ነው። ምግብን የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለው በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይኖርበታል። ስለዚህ ለጀማሪ አይመከርም።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ስንት ጊዜ የሚለው ጥያቄ ምን ያህል የሚለውን አይለውጠውም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያበላ ሰው የቀኑን ድርሻ ለሦስት ይከፍላል እንጂ ሦስት ድርሻ አይሰጥም። በቤተሰብ ውስጥ የመመገቡ ኃላፊነት የአንድ ሰው ቢሆን፣ ወይም የቀኑ ድርሻ ጠዋት ተመዝኖ በአንድ ትንሽ ዕቃ ቢቀመጥ፣ ዕቃው ባዶ ሲሆን የዕለቱ ምግብ ማለቁን ሁሉም ያውቃል።

መቼ? መብራት ሲጠፋስ?

ዓሣ ከበላ በኋላ ምግቡን ለመፍጨትና ለማዋሐድ የሚጠቀመው ኦክሲጅን ለሰዓታት ይጨምራል፤ ካረፈበት ጊዜ እስከ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል በገንዳው ውስጥ ያለው አልጌ ኦክሲጅን የሚሰጠው በብርሃን ብቻ ነው። ሌሊት እርሱም ተንፋሽ ይሆናል። ስለዚህ የኦክሲጅኑ መጠን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። ማምሻውን ማብላት ሁለቱን ችግሮች በአንድ ሰዓት ማገናኘት ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚመግብ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ተስማሚ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ፓምፑም ማጣሪያውም ማሞቂያውም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ንጹሕ ገንዳ ከሆነ ሦስቱ ዓሦች በስምንት ሰዓት ሌሊት ውስጥ 80 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ስለሚጠቀሙ ከ500ው ውስጥ ብዙ ይቀራል። ሆድ ዕቃቸው ሞልቶ፣ ከድንጋዩም ሥር ተራፊ ምግብ እየበሰበሰ ከሆነ ግን መጠባበቂያው በፍጥነት ይሟጠጣል። በተጨማሪም የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ዓሦች የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢያቸው ጋር አብሮ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ውሃው በ10 ዲግሪ ቢቀንስ ሜታቦሊዝማቸው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ያልተፈጨ ምግብም በአንጀታቸው ይቆያል። ስለዚህ መብራት በጠፋበት ጊዜ ማብላት አያስፈልግም፤ ኃይሉ ተመልሶ የውሃው ሙቀት እስኪስተካከል መታገሥ ይገባል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኦክሲጅን ያስገባል።

ቤተሰቡ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ሲሄድም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ጤናማና ያደገ ዓሣ ከሦስት እስከ አምስት ቀናት ያለ ምግብ መቆየት ይችላል። በመውጫ ሰዓት ‹‹እስክንመለስ ይብቃቸው›› ብሎ እፍኝ ምግብ መበተን ግን ከረኃቡ እጅግ የከፋ ነው። ጉዞው ከዚያ የሚረዝም ከሆነ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት መስጠትና ቆርቆሮውን መደበቅ ይሻላል።

ከመጠን በላይ ማብላት ኪስንም ይጎዳል። ናይትሬትና ሌላ ቆሻሻ ሲከማች የውሃውን ከፊል መለወጥ ግድ ነው፤ 20 ሊትር ለመለወጥ 700 ግራም ገደማ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ከአፋር የሚመጣው የገበታ ጨው ይህን አይተካም። የገበታ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ሲሆን፣ በባሕር ውሃ ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ 85 በመቶ ያህሉን ይዘው የቀረው ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው።

ከአኳሪየሙ ውጭ

ይህ ሁሉ ለሳሎን ጌጥ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። በሰበታ በሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ሆነ በገበሬ ኩሬ ውስጥ ቆሮሶን የሚያረባ ባለሙያ የሚጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ የምግቡ መጠንና ሰዓት ካልተለካ ኩሬውም ትርፉም ይበላሻል። በተፈጥሮ ውስጥ ያለውን አመጋገብ ለመረዳት ጌታቸው ተፈራ በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሟል። የጥናቱ ርእሰ ጉዳይ የዓሣው የጨጓራ አሲድነት፣ የመብያ ሰዓቱና የሚበላው መጠን ነበር። ቆሮሶ በዋናነት በብርሃን የሚመገብ፣ ረጅም አንጀት ያለውና አልጌ የሚፈጭ ዓሣ ነው።

የኦክሲጅን ጉዳይም እንዲሁ ነው። ባክስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት የቢሾፍቱን ሐይቆች የውሃ ንብርብር መርምረዋል። እንደነዚህ ባሉ ጥልቅ ሐይቆች ከላይ የሚወርደው ብስባሽ በታችኛው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ያሟጥጠዋል። ቅዝቃዜና ነፋስ ሲመጣ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር ይቀላቀልና ዓሦች ሊታፈኑ ይችላሉ። በትንሹ ገንዳ ውስጥ ከድንጋይ ሥር የተወሸቀው ምግብ የሚሠራውን ሐይቁ በትልቁ ይሠራዋል።

አንድ ቀላል ሙከራ

የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ይህን አንድም ዓሣ ሳይጎዱ ማየት ይችላሉ። ሁለት አንድ አንድ ሊትር የሚይዙ ብርጭቆ ጠርሙሶችን ከአኳሪየም ወይም ከኩሬ በተቀዳ ውሃ እስከ አፋቸው መሙላት፤ በሁለቱም ውስጥ ውሃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ጥቂት የሜቲሊን ብሉ ጠብታ መጨመር፤ በአንዱ ብቻ 1 ግራም የዓሣ ምግብ ማግባት፤ ከዚያም አየር ሳያስቀሩ ከድኖ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሜቲሊን ብሉ ኦክሲጅን ሲያልቅ ቀለሙን ያጣል። ምግብ ያለበት ጠርሙስ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰማያዊነቱን ሲለቅ፣ ምግብ የሌለበት እንደነበረ ይቆያል። ክዳኑ ተከፍቶ ቢወዘወዝ ከአየሩ ኦክሲጅን ስለሚገባ ቀለሙ መልሶ ሊታይ ይችላል። ከሙከራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ።

በአጭሩ ለማጠቃለል የምንለው የሚከተለው ነው። ድርሻውን በዓሦቹ ክብደት እንጂ በልመናቸው አንለካ፤ ያደገ ዓሣ በቀን ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃዋል። ድርሻውን እንደ ዝርያው እንከፋፍል፤ በብርሃን እናብላ፤ ማምሻውንና መብራት ሲጠፋ እንተው፤ አዲስ ለተቋቋመ ገንዳም እጅግ እንቆጥብ። በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር፤ ወደ ገንዳው የሚገባው እያንዳንዱ ግራም ምግብ ዓሣው ቢበላውም ባይበላውም ከዚያች ግማሽ ግራም ኦክሲጅን ላይ ድርሻውን ይጠይቃል።